ለሁሉም የተመቸች ቅዳሜ

ተረት ተረት፤ የዓሣ አጥንት።

በአንድ ሐይቅ ዳር፣ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወራት፣ የሳምንቱን አየር ለጎረቤት የሚናገር ፔሊካን ነበር። ማንንም ማስቀየም አይወድም።

እሑድ ጠዋት እንቁራሪት መጣችና፣ «ጋሼ ፔሊካን፣ ቅዳሜ ልጄን እድራለሁ። ያለ ዝናብ ደግሞ ሠርጉ አያምርም» አለችው።

«ቅዳሜ ዶፍ ይጥላል፤ ደግሺ» አላት።

እሷ ስትሄድ እንሽላሊት እየተንቀጠቀጠ ደረሰ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ እንኳ ካልሞቅኩ አልተርፍም።»

«ቅዳሜ ፀሐይዋ ድንጋይ ታግላለች» አለው።

ፔሊካን ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ሊለው ነው። ቅዳሜ ግን ፀሐይም ወጣች፣ ዝናብም ወረደ። እንቁራሪት እልል አለች፤ እንሽላሊት ጀርባውን ሞቀ፤ ፔሊካን ደረቱን ነፋ።

ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ ጅብ እንደምትወልድ ግን ረስቶታል። እመት ጅብ ልጆቿን ታቅፋ ከድግሱ መሀል ብቅ አለች።

«አራስ ጠያቂ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም» አለች ሠርገኛውን እየቃኘች። «እኔው ብመጣ ይሻላል ብዬ ነው።»

ሠርገኛውም ፀሐይ ሟቂውም ሐይቅ ገባ።

«ጋሼ፣ ጅቧንስ ለምን አልነገርከንም?» አለች እንቁራሪት ከውሃው ውስጥ።

ፔሊካን አፉን ውሃ ሞላ። ዛሬም ስለ ነገ አየር ሲጠይቁት እንደዚያው ነው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዓሣ አብሱ።