በግልገሉ ቆዳ የተጠቀለለችው ሕፃን

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፥ አንድ አምላክ፥ አሜን። ምእመናን ሆይ፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃ በነገሥታት አደባባይና በባሕር ማዕበል ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ፥ ፍየል በታሰረችበት ጓሮ ያደረገችውን እንነግራችኋለንና ጆሯችሁን አዘንብሉ።

ግራር ማርያም በምትባል ደብር አጠገብ ትርንጎ የምትባል፥ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን የሆነ፥ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች። ባሏ መንበሩ ብራና ፋቂና ጸሐፊ ነበረና እንጀራቸው ከብዕሩ ይወጣ ነበር፤ እርሷ ግን ለቤቱ ደስታ ብላ በጓሮዋ ጥቂት ዶሮዎች፥ ጥንድ ርግቦችና ሁለት ፍየሎች ታረባለች፥ ለእያንዳንዳቸውም ስም አውጥታላቸዋለች፤ ጎረቤቶቿም «ትርንጎ ከሰው ይልቅ ከዶሮ ጋር ታወራለች» እያሉ ይስቁባታል። እርሷም አልተቀየመቻቸውም፥ እውነት ነበረና። በየማለዳው ፊቷን ታጥባ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ «ሰላም ለኪ» ትልና፥ ከዚያም ከፍየሎቿ የምትታለበዋን አልባ የመጀመሪያውን ወተት ቤተ ሰቧ ሳይቀምስ ለተራበ ሕፃን ትሰጣለች፤ ይህንም ስለ ድንግል ማርያም ፍቅር ተስላ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠይሜ የተባለችው ፍየሏ ወለደችና ግልገሏ ብዙም ሳይቆይ ሞተባት። ግልገል የሞተባት ፍየል ወተቷን ትይዛለችና፥ የአገሩ ሰው የሞተውን ቆዳ ገፎ ገለባ ሞልቶ በፊቷ ያቆምላታል፤ እርሷም ልጄ ነው ብላ እያሸተተች እየላሰች ትታለባለች። ትርንጎም ግልገሉን ገፋ ገለባ ልታመጣ ወጣች፤ ስትመለስ ግን መንበሩ ቆዳውን ውኃ ውስጥ ነክሮት አገኘችው። የግልገል ቆዳ ስስና ለስላሳ ብራና ይወጣዋል፤ ጸሐፊ ደግሞ ቆዳ ሲያይ ፍየል አይታየውም።

«አንቱ ሰው፥ ምን አደረጉ? ጠይሜን ምን አሳይቼ ልለባት?» አለችው።

«ለእመቤታችን ተስዬዋለሁ፥ ምስጋናዋን እጽፍበታለሁ። ደግሞ ሌላ ፍየል አለሽ አይደለም ወይ?» አላት። ሌላይቱ ግን አርግዛ ነጥፋ ነበር። ከዚያም የቆዳው ጠጉር ተፋቀ፥ በመወጠሪያውም ላይ ተወጥሮ ደረቀ፤ ጠይሜም ወተቷን ያዘች፥ ሊያልቧት ሲቀርቡም የማለቢያውን ቅል በእግሯ ትደፋ ጀመር። ትርንጎም ስለቷ በመታጎሉ አዝና በወተቱ ፈንታ እንቁላል ትሰጥ ነበር።

በዚያም ወራት ድርቅ ሆኖ የመንደሩ ላሞች ሁሉ ለግጦሽ ወደ ሩቅ አገር ተነድተው ነበር። ጣሰው የሚባል ጎረቤታቸውም ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለት በአራስነቷ ሞተችበት፤ የምታጠባ ሴት በአቅራቢያው ስላልተገኘች ሕፃኒቱን በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ትርንጎ ደጅ መጣ።

«እትዬ ትርንጎ፥ የመጀመሪያው ወተትሽ ለተራበ ሕፃን ነው ሲሉ ሰምቼ መጣሁ» አለ። «እናቷን ቀብሬ መምጣቴ ነው። እርሷንም እንዳልቀብራት።»

ትርንጎም «የለኝም» ማለት አቅቷት ቅሉን ይዛ ወደ ጠይሜ ሮጠች፥ ፍየሊቱ ግን ረገጠቻት። መንበሩም አፍሮ መወጠሪያውን እንዳለ ተሸክሞ ብራናውን ቢያሳያት፥ አሸተተችና ፊቷን አዞረች፤ ምንም የልጅ ሽታ አልቀረበትምና። ሕፃኒቱም ከማልቀስ ብዛት ደክማ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ከልቅሶዋ ይልቅ አስፈራቸው።

ትርንጎም ሕፃኒቱን ታቅፋ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ወደቀችና «እመቤቴ፥ አንቺ በበረት ስትወልጂ እንስሳት በትንፋሻቸው ልጅሽን አሙቀውልሻል። ምነው የእኔ ፍየል ጨከነች?» ብላ አለቀሰች። በድካምም ጥቂት እንቅልፍ ወሰዳት፤ ብርሃን የለበሰች ሴትም በጓሮው በር ገብታ «መንበሩ የሰጠኝ ቆዳ ወዴት አለ? ልጄ በርዷታልና አልብሺያት» አለቻት።

ነቅታም ለባሏ ነገረችው። እርሱ ግን ከመወጠሪያው ፊት ቆሞ «ስለት ነው እኮ! ስለት የተባለ ነገር ለሌላ አይውልም፤ እመቤታችን ትቀየመኛለች» አለ።

«የጠየቀችው ራሷ ናት» አለችው። «ከተሳሉላት ከራሷ በላይ ስለ ስለቷ ያውቃሉ?»

መንበሩም ቢላውን አንሥቶ ገመዱን በጠሰ፥ ያን ያህል የደከመበትንም ብራና በገዛ እጁ በሕፃኒቱ ላይ ጠቀለለው። ከዚያም በጠይሜ እግር አጠገብ አኖሯት። ፍየሊቱም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ብራናውን አሸተተች፥ ግልገሏን ትጠራበት በነበረው ድምፅ እምእ አለች፥ የሕፃኒቱንም ራስ ትልስ ጀመር፤ እግሮቿንም ከፍታ ቆመችና ነጥፎ የነበረው ግቷ ሞልቶ ማንም ሳይነካው ወተቱ ይንጠባጠብ ጀመር። ትርንጎም ሕፃኒቱን ከፍ አድርጋ ጡቱን በአፏ አደረገችላት፥ ጠባችም። ጣሰው ይህን አይቶ መሬት ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ሚስቱን ሲቀብር ያላለቀሰውን ሁሉ ያን ጊዜ አለቀሰ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠይሜ ሕፃኒቱ ስታለቅስ ገመዷን እየጎተተች ትመጣ ነበር፥ ጣሰውም በየማለዳው ለፍየሊቱ ለምለም ቅጠል ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሕፃኒቱም ክርስትና ስትነሣ ወለተ ማርያም ተባለች፥ አደገችም። የትርንጎም ስለት ተመለሰላት።

ሕፃኒቱም መጠቅለያው በጠበባት ጊዜ መንበሩ ብራናውን አጥቦ ዳግመኛ ወጠረው፤ በመካከሉም የወተት ነጠብጣብ አገኘ። ብራና ፋቂ ነውና ሊፍቀው ይችል ነበር፥ አልፋቀውም። ያሰበውን ምስጋና ትቶ ይህን ተአምር ጻፈበት፥ ከነጠብጣቡም ሲደርስ ስፍራውን ባዶ ትቶ አለፈ። ስለዚህ የደብሩ አንባቢ የእመቤታችን በዓል በሆነ ጊዜ ሁሉ ከዚያ ሲደርስ ጥቂት ዝም ይላል፤ ወለተ ማርያምም ካረጀች በኋላ እንኳ በሴቶች መቆሚያ ሆና «ይኸው ቁርሴ ደረሰ» እያለች እንባዋን ትጠርግ ነበር።

ምእመናን ሆይ፥ ለእርሷ የተሳልነውን ከተራበ ሕፃን እንዳንሰስት፥ ጠይሜን ያራራች እመቤታችን የእኛንም ልብ ታራራ፤ ያነበበውን፥ እናንተንም ሰሚዎችን፥ በጓሯችሁም ያሉትን ሁሉ በምልጃዋ ትጠብቅ፥ እናት የሌለውንም ሁሉ በእቅፏ ትቀበል፤ ለዘለዓለሙ፥ አሜን።