አንጓችና ወለተ ኪዳን በአንድ ቲኬት

አንድ ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ብር። ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ላይ ነው። አንድ ሺህ ሁለት መቶው የኮቪድ ምርመራ፣ ሁለት መቶ ሠላሳው የመርከብ ቲኬት። ግብጦ በስኒ እየሰፈሩ ለሚሸጡ ሴት ይህ ስንት ስኒ እንደሚሆን እኔ አስልቼዋለሁ፤ ብነግራችሁ ግን ተረቱ ሳይጀመር ትደክማላችሁ።

እንግዲህ «ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። «የመርከብ ወረፋ» በሉኝ፤ እንጀምር።

በጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ወደብ በር ላይ፣ እትዬ አንጓች የሚባሉ ግብጦ ሻጭ ነበሩ። እኅታቸው እትዬ ይታይሽ ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ይኖራሉ። ስማቸው ይታይሽ ይሁን እንጂ ዐይናቸው ሞራ ለብሶ ከቀን ወደ ቀን ይደክም ነበር። አንድ ቀን ስልክ ደወሉ።

«እኅቴ፣ ዐይኔ እየከዳኝ ነው። ሰውን በጥላው ነው የምለየው። ፊትሽን ሳላየው እንዳይጨልምብኝ፣ ነይ።»

እትዬ አንጓች መኪና አይስማማቸውም፤ ሐይቁን እንጂ አስፋልቱን አይችሉም። መርከቡ ደግሞ በበሽታው ምክንያት ለወራት ቆሞ ገና መንቀሳቀሱ ነው። በሳምንት አንዴ ይሄዳል። ትእዛዙም ተለጥፏል፤ ሦስት ቀን ያላለፈው የምርመራ ወረቀት የሌለው አይሳፈርም። መርከቡ ካመለጠ ወረቀቱ ይሞታል፤ ወረቀቱ ከሞተ ሌላ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ያስፈልጋል፤ ሌላ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር ደግሞ በእትዬ አንጓች መቀነት ውስጥ የለም።

እንዲያም ሆኖ በጊዜ ወደ መመርመሪያው ድንኳን ሄደው ነበር። ነጭ የለበሰች ነርስ የጥጥ እንጨት አፍንጫቸው ውስጥ አስገብታ ስታዞረው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። በዚያው መሀል «ስምዎ ማነው እናቴ?» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ሰው ለቀበሌ ሲሆን የመጠሪያ ስሙን ይሰጣል። ለጠበልና ለጸሎት ሲሆን ግን የሚሰጠው የክርስትና ስሙን ነው። እትዬ አንጓችም አሰቡ፤ ነገሩ የበሽታ ነገር ነው፣ ነጭ የለበሰ ሰው አለ፣ እንባም ወርዷል፤ እንግዲህ ይህ ከጠበል በምን ይለያል? «ወለተ ኪዳን» አሉ። ነርሷም «ወለተ ኪዳን» ብላ ጻፈች።

መርከቡ በሚሄድበት ዕለት ማለዳ፣ ስንቃቸውን አንጠልጥለው ወደብ ደረሱ። ቲኬት ተቆጣጣሪው ይርሳው ይባላል። ቲኬቱን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከማስኩ በላይ ያሉት ዐይኖቹ ጠበቡ።

«እማማ፣ ወለተ ኪዳን ማን ናት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንጓችስ?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ሁለት ናችሁ። ወለተ ኪዳን ከኮቪድ ነጻ ናት፤ ቲኬት ግን የላትም። አንጓች ቲኬት አላት፤ ግን አልተመረመረችም። ማንኛችሁን ልጫን?»

«ቀጠን ያለችውን።»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ይርሳውም ሳቀ፤ በሩን ግን አልከፈተም።

«ክፉ ሆኜ አይደለም እማማ። ሰው በሌላ ሰው ወረቀት ቢገባ የምባረረው እኔ ነኝ። የምንነሣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ያስተካክሉትና ይምጡ።»

መርከቡ አልጭንም አለ፤ ማዶ ሁለት ዐይን ይጠብቃል።

እትዬ አንጓች ወደ ድንኳኑ ገሰገሱ። «ልጄ ሲስተር፣ ስሜን አርሚልኝ።»

«ባርምልዎ ደስ ይለኝ ነበር» አለች ነርሷ። «ግን ቀበሌው ሁለቱ ስም የአንድ ሰው ነው ብሎ ይጻፍልኝ። ባለፈው ሳምንት አንዱ በወንድሙ አፍንጫ ሊሳፈር ሲል ተይዟል።»

ነርሷ አላርምም አለች፣ መርከቡ አልጭንም አለ፤ ማዶ ሁለት ዐይን ይጠብቃል።

ከድንኳኑ ወደ ቀበሌ። ጸሐፊው ሙጨ በላስቲክ መጋረጃ ተከልሎ ተቀምጧል።

«አንጓች መሆንዎን አውቃለሁ፤ ግብጦዎን እየበላሁ ነው ያደግሁት። ወለተ ኪዳን መሆንዎን ግን በምን ልወቅ? ክርስትና ሲነሡ አልነበርኩም።»

«ብትኖርማ አያቴ ነበርክ።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ ሙጨ እየሳቀ። «የንስሐ አባትዎ መጥተው ይመስክሩ፤ ወዲያው እጽፋለሁ።»

ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ነርሷ አላርምም አለች፣ መርከቡ አልጭንም አለ፤ ማዶ ሁለት ዐይን ይጠብቃል።

የንስሐ አባታቸው ቄስ አየነው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ሾላ ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። እትዬ አንጓች መስቀል ሊሳለሙ ቀረቡ። ቄሱ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟቸውና መስቀሉን ከሩቅ አሳዩአቸው። እትዬ አንጓች ከቆሙበት ዝቅ ብለው አየሩን ተሳለሙ። ያ ዘመን እንዲህ ነበር።

«አባቴ፣ ቀበሌ ድረስ ይምጡልኝ። ስሜን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ለመምጣቱ እመጣ ነበር ልጄ። ዘበኛው ግን ማስክ የሌለውን አያስገባም። የኔን ትናንት አጥቤ አጥር ላይ ባሰጣው ፍየል በላችው።»

«የኔን ልስጥዎት!»

«አንቺስ በምን ትገቢያለሽ? ደግሞ የአንዱን ሌላው አያድርግ ተብሏል። ከሱቅም እንዳልገዛ አንዴ ተደርጎ የሚጣለው ማስክ ከገበያ ጠፍቷል። ሰፊው ዘንድ ሂጂና አንድ አሰፊልኝ።»

ቄሱ አልመጣም አሉ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ነርሷ አላርምም አለች፣ መርከቡ አልጭንም አለ፤ ማዶ ሁለት ዐይን ይጠብቃል።

ሰፊው ዘውዱ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ጥርሱን ይፍቃል። ሰፊ በማለዳ ጥርሱን ሲፍቅ ካያችሁ አንድ ነገር አልቆበታል ማለት ነው።

«ጨርቅ አለ፣ ክር አለ፣ መርገጫውን የሚረግጥ እግርም አለ» አለ ዘውዱ። «የሌለው ላስቲክ ነው። ላስቲክ የሌለው ማስክ መሀረብ ነው።»

«በክር አንጠልጥለዋ!»

«ለቄስ? ጥምጥማቸው ጆሯቸውን ሸፍኖት ክሩ በምን ይያዝ? ቀበሌ በር ላይ ሲወልቅ "ማን ነው የሰፋልዎ?" ይሏቸዋል። እኔ ስም አለኝ እትዬ።»

«አንድ ስም ብቻ ካለህ ዕድለኛ ነህ» አሉ እትዬ አንጓች።

ሰፊው አልሰፋም አለ፣ ቄሱ አልመጣም አሉ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ነርሷ አላርምም አለች፣ መርከቡ አልጭንም አለ፤ ማዶ ሁለት ዐይን ይጠብቃል።

ላስቲክ የምትሸጠው ፈንታነሽ ናት፤ ሱቋ ከሰፊው ማዶ ነው። ገና ከመንገዱ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ፈንታነሽ ልጇን ታቅፋ፣ ማስኳ አገጯ ድረስ በእንባና በለሃጭ ርሶ፣ ራሷም ልታለቅስ ደርሳለች።

«ላስቲክ ሞልቷል እማማ። ያ ነው፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ። በወንበር ቆሜ ነው የማወርደው። ይህን ይዤ ልውጣ? ሳስቀምጠው ይንፈራፈራል፣ ሰው ላስይዝ ስል ይጮኻል። ከንጋት ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ሕፃኑ ዝም አልልም አለ፣ ባለሱቋ አልወጣም አለች፣ ሰፊው አልሰፋም አለ፣ ቄሱ አልመጣም አሉ፣ ጸሐፊው አልጽፍም አለ፣ ነርሷ አላርምም አለች፣ መርከቡ አልጭንም አለ፤ ማዶ ሁለት ዐይን ይጠብቃል።

ከወደብ በኩል የመርከቡ የመጀመሪያ ጡሩምባ ተሰማ።

እትዬ አንጓች እንደ ሌላው ሰው ወደ ልጁ ጠጋ አሉ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና እናቱ ጉያ ገብቶ ባሰበት። እሳቸው ግን ለሌላው ሁሉ ያልታየው ነገር ታያቸው።

«ፈንታነሽ፣ ይህ ልጅ መቼ ተወለደ?»

«በሽታው ሲገባ ነዋ። ሱቁ በተዘጋ ሰሞን።»

«እንግዲያው ይህ ልጅ ከአንቺ በቀር ሰው አይቶ አያውቅም። ዐይን ብቻ ነው የሚያየው። አፍ የሌለው ሁሉ እየመጣ ሲያፈጥበት ምን ያድርግ? እስቲ እኔ ፊቴን ላሳየው።»

«ማስክ አውልቀው? ኧረ እማማ! ሕፃን ነው!»

እትዬ አንጓች ከመቀነታቸው ውስጥ ወረቀቱን አወጡ። ነርሷ ያላረመችው፣ ይርሳው ያልተቀበለው ወረቀት ነው። ፈንታነሽ በአንድ እጇ ይዛ አነበበች።

«ወለተ ኪዳን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለች ፈንታነሽ።

ይኸው ነው። ቄስ አላስጠራችም፣ ማኅተም አልጠየቀችም። በዚያ ማለዳ ያን ሁሉ መንገድ ሲዞሩ ያላገኙትን ቃል ሰጠቻቸው።

እትዬ አንጓች ወደ ኋላቸው ሄደው ነፋስ በሚገባበት በሩ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ቆሙ። ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። ሐይቁ ዳር በፀሐይ የጠቆረ ፊት ነው፤ ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ጥርሱ የጎደለ። ፈገግ ብቻ አሉ።

ልጁ ልቅሶውን መሀል ላይ አቆመ። አፋቸውን አየ። ዐይናቸውን አየ። ተመልሶ አፋቸውን አየና፣ ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸው የገባው ይመስል፣ እጁን ዘረጋ።

«እንዳይንቀሳቀሱ እማማ! እዚያው ይቁሙ!» አለች ፈንታነሽ በሹክሹክታ። ልጇን የስኳር ጆንያው ላይ አስቀመጠችው፤ እሱም ቁጭ ብሎ የእትዬ አንጓችን ፊት እንደ መብራት ይመለከት ጀመር። ወንበር ላይ ወጣች። ላስቲኩን አወረደች።

«ስንት ነው?»

«ይሂዱልኝ እማማ! ለኔ ዛሬ ያተረፉልኝ ይበልጣል።»

ሕፃኑ ዝም አለ፣ ባለሱቋ ላስቲክ ሰጠች፣ ሰፊውም ጥርስ መፋቂያውን ጥሎ መኪናውን ረገጠ። ማስኩ ሰፋ ያለ፣ ላስቲኩ ከጥምጥም በላይ የሚዞር ነበር። ቄስ አየነው አጠለቁትና ቀበሌ ገቡ።

«ወለተ ኪዳን ናት» አሉ ጸሐፊው ፊት። «ክርስትና ያነሣኋት እኔ አይደለሁም። ኃጢአቷን ግን በዚህ ስም ነው የምሰማው።»

«ብዙ ነው አባ?» አለ ሙጨ።

«አንተ ጻፍ።»

ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተሙን መታ። ነርሷ ደብዳቤውን አንብባ «እናቴ፣ ለሌላ ጊዜ የቀበሌውን ስም ይንገሩኝ» እያለች አረመች። ሁለተኛው ጡሩምባ ሲነፋ እትዬ አንጓች ነጠላቸው ከኋላቸው እየተንሳፈፈ ወደብ ደረሱ። ይርሳው መወጣጫውን ሊያነሣ እጁን ሰዶ ነበር።

«ማንኛዋ መጡ?»

«ሁለታችንም። በአንድ ቲኬት።»

ወረቀቱን አየ፣ ቲኬቱን አየ። «በሉ ግቡ፤ አትጋፉ» አለና እጃቸውን ሊይዝ ቃጥቶት፣ ክልክል መሆኑ ትዝ ሲለው ክርኑን ዘረጋላቸው። ክርኑን ይዘው ተሻገሩ።

መስኮቱ ሥር ያሉት ወንበሮች ተይዘው ስለነበር የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። መርከቡ በየወደቡ እያረፈ፣ አድሮ በማግስቱ ጎርጎራ ደረሰ።

እትዬ ይታይሽ በትራቸውን ተደግፈው ከሰው ሁሉ ፊት ቆመዋል። እያንዳንዱን ወራጅ «አንጓች ነሽ?» ይላሉ፤ ወንዱንም ሴቱንም። እትዬ አንጓች ከጥቂት ርምጃ ርቀው ቆመው ማስካቸውን አወረዱ።

«ነኝ።»

«ወደ ፀሐይዋ ዙሪ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «አሁን ወደዚህ። ጠጋ በይ፣ ግንባርሽ አልደረሰኝም።» ጠጋ አሉ። «ጥርስሽን የት ጣልሽው?»

«ማዶ።»

«ዝም በይ፤ ስትስቂ ይበተንብኛል። ቀስ ብዬ ልየው።»

ሌላው መንገደኛ ወርዶ እስኪያልቅ፣ ጤፉም እስኪራገፍ አዩአቸው።

እንግዲህ ሒሳቡ። ወጪ፦ አንድ ሺህ አራት መቶ ሠላሳ ብር፣ የመስኮት ወንበር፣ በጆንያ ላይ ያደረ ወገብ። ገቢ፦ እትዬ ይታይሽ ከዚያ ወር በኋላ ቀንና ማታን እንኳ መለየት አቁመዋል። «እኅትዎ ምን ትመስላለች?» ያላቸውን ሰው ግን አጠገባቸው አስቀምጠው ይቆጥሩለታል። ግንባሯ ላይ ሦስት መስመር፣ ከግራ ቅንድቧ በላይ ጠባሳ፣ ከላይኛው ጥርሷ ሁለት ጎደሎ፣ ስትስቅ ቀድማ የምትጠብ ቀኝ ዐይን። እኔም ባሕር ዳር ወደብ በር ላይ አንድ ስኒ ግብጦ ገዝቼ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አንድ በአንድ አመሳክሬዋለሁ። አንድም አልጎደለ።