የደብሪቱ መዳፍ

ድሮ ነው፤ እናንተም እኔም ያልነበርንበት፣ ከአያቶቻችን አፍ ብቻ የተረፈ ዘመን። የሰማሁትን እነግራችኋለሁ። ከራሴ እንዳልጨምር እሰጋለሁና፣ ስሳሳት ካገኛችሁኝ አርሙኝ።

ዝግባ ውሃ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ባልቴት ነበረች። መሬት የላትም፤ በሬ የላትም። ሥራዋ ጋን ማጠብ ነበር። ድግስ ወዳለበት ቤት ትሄዳለች፤ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታጥባለች፣ በወይራ ታጥናለች፣ ቅራሪና ቂጣ ተሰጥቷት ትመለሳለች። ከውሃው ብዛት መዳፏ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ ነበር።

ጠላ ደርሶ ለእንግዳ ከመቀዳቱ በፊት፣ አንድ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሰዋል። ይህ ልማድ ያን ጊዜም ነበር። በዝግባ ውሃ የሚያስቀምሱት ደብሪቱን ነው። እሷም የቀመሰችውን እንደ አመጣጡ ትናገራለች፤ መጀመሪያ የመጣውን መጀመሪያ፣ ኋላ የመጣውን ኋላ። አትጨምርም፤ አትቀንስም።

አንድ ጊዜ ግራዝማች አምባዬ ታላቅ ድግስ ደገሱ። እንግዳው ከአዳራሹ አልፎ እስከ በሩ ሞላ። ደብሪቱ ቀመሰች።

«መጀመሪያ ማር መጣ» አለች። «ከማሩ ኋላ ሻጋታ መጣ። ብቅሉ ሳይደርቅ ነው የተፈጨው፣ ጌታዬ።»

እንግዳው ሁሉ አቀረቀረ። ግራዝማች «ይህችን ሴት ደግሜ ከደጄ እንዳላያት!» አሉ። ደብሪቱ ወጣች። ያን ዓመት ከትልቁ ቤት ቅራሪም ቂጣም አልደረሳትም። ከረመች፤ ከሳች።

ሁለተኛው ጊዜ ከዚህም ባሰባት። የእህቷ ልጅ ተዳረችና የመጀመሪያ ጠላዋን ለአማቶቿ ጠመቀች። ደብሪቱ ልጅቷን እንደ ወለደቻት ትወዳታለች። እህቷ በጆሮዋ «ዛሬን እንኳ ጣፈጠ በይ፣ በሞቴ» አለቻት። ደብሪቱ ቀመሰች፤ አማቶቹ አፍ አፏን አዩ።

«መጀመሪያ ጭስ መጣ፤ አሻሮው ሲቆላ አርሯል» አለች። «ኋላ ግን ጥሩ ብቅል አለው። ይህች ልጅ ትማራለች።»

አማቶቹ ሳቁ። ልጅቷ አለቀሰች። እህቷ አኮረፈች፤ ክረምት መጣ፣ ክረምት አለፈ፣ የደብሪቱን ደጅ አልረገጠችም። የመንደሩም ሰው «ደብሪቱ ላም ብትኖራት፣ ወተትሽ ቀጠነ ብላ ትከስሳት ነበር» እያለ ተሳለቀባት።

ከዚያ ደም ፈሰሰ። በመንደሩ ይታይሽና አልጣሽ የሚባሉ ሁለት እናቶች ነበሩ። የይታይሽ ልጅ የአልጣሽን ልጅ በድንበር ጠብ በዱላ መታው፤ ሞተ። ገዳይ በረሃ ገባ። የሟች ወንድሞች ጦር ሳሉ። ሽማግሌዎች ለመኑ፣ ደከሙ፤ በመጨረሻ የሟች እናት አልጣሽ ለእርቁ እሺ አለች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የገዳይ ወገን የጠመቀውን ጠላ የሟች ወገን ከጠጣ እርቁ ይጸናል፤ ካልጠጣ ደሙ እንዳለ ነው።

ሽማግሌዎቹ የአልጣሽ ልብ እንዳይመለስ ፈርተው ቀኑን አፋጠኑት። የገዳዩ እናት ይታይሽም ጠላው ቶሎ እንዲደርስላት ብቅሉን አበዛች፤ ጌሾውን ቀነሰች።

ወንዝ ዳር ተቀመጡ፤ አንዱ ወገን ወዲህ፣ አንዱ ወገን ወዲያ። የሟች ታላቅ ወንድም ጠላው የተቀዳበትን ሽክና ተቀብሎ አሸተተና መሬት አስቀመጠው።

«ይህ ጣፋጭ ይሸታል! ጠላ ከመቼ ወዲህ ነው የጣፈጠው? መርዝ የሚደበቀው በጣፋጭ ነው።»

ወንድሞቹ ተነሡ። ጦሩም ተነሣ። ይታይሽ «እኔ ራሴ ልጠጣው!» ብላ ጮኸች።

«አንቺማ ማርከሻውን ጠጥተሽ መጥተሻል» አሏት።

ያን ጊዜ አልጣሽ «ደብሪቱን ጥሩልኝ» አለች። «ግራዝማችን ያልፈራች፣ ለእህቷ ልጅ ያላዳላች፣ ለይታይሽ ብላ አትዋሽም።»

ደብሪቱ እጇ እንደረጠበ ከጋን አጠባ መጣች። መዳፏን ዘረጋች፤ ቀዱላት፤ ጠጣች። ሰው ሁሉ አፈጠጠባት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። «እስክሞት የምትጠብቁ ከሆነ ቆሎ አምጡልኝ፤ በባዶ ሆዴ አልሞትም።»

አንድ ሽማግሌ ሳያስበው ሳቀ። ደብሪቱም ተናገረች።

«መጀመሪያ ብቅል መጣ፤ ትኩስ የገብስ ቂጣ ይመስላል። ቀጥሎ ጣፋጭ መጣ፤ ጥቂት ነው። የማር አይደለም፣ የእሸት ነው፤ ገብሱን ሲያኝኩት ቆይቶ እንደሚመጣው። ጌሾው ወደ ኋላ ነው፤ ቅዳሴ እንዳረፈደበት ሰው በር ላይ ቆሟል። ይህ ገና ልጅ የሆነ ጠላ ነው፤ ቢሰነብት ይመር ነበር። ይታይሽ ፈርታ አጣድፋዋለች። ከፍርሃቷ በቀር ሌላ ነገር የለበትም።»

አልጣሽ ተነሣች። ሽክናውን አልነካችም።

«ከዚያው ከመዳፍሽ ስጪኝ» አለች።

ከተሰነጣጠቀው መዳፍ ጠጣች።

«እውነቷን ነው፤ የእሸት ነው» አለች። «ልጄ እሸት ይወድ ነበር።»

ይታይሽ እግሯ ላይ ወደቀች። አልጣሽ አነሣቻት። ወንድሞቹ ጦራቸውን መሬት አጋደሙ።

የደብሪቱ እህትም በዚያው ሰሞን ደጇን ረገጠች፤ ልጅቷ የጠመቀችውን ጠላ በእንስራ አዝላ ነበር ይላሉ። ያ ጠላ እንዴት እንደነበረ ግን አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አልናገርም።

ዛሬም በዝግባ ውሃ ለእርቅ የሚጠመቅ ጠላ ብቅሉ ይበዛል፣ ጌሾው ይቀንሳል፤ ለስለስ ብሎ ይጣፍጣል። የተበደለው ሰው ከሽክና አይጀምርም። ከሁለቱም ወገን ካልሆነ ሰው መዳፍ ይጠጣል፤ ተበዳዩ ሳይጠጣ ከሁለቱ ወገን ማንም አይጠጣም። ለዳኝነት ወይም ለምስክርነት የሚቀመጠውንም ሰው ሽማግሌዎቹ ቆመው ይመርቁታል፦

«ምላስህን የደብሪቱ ያድርግልህ።»