ጋሽ ይርዳው ከነተርጓሚያቸው

አንድ ማክሰኞ ቀን ጠዋት ጋሽ ይርዳው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ኮለምበስ ከተማ ወደሚገኘው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዱ። ለአሜሪካ ዜግነት ሊፈተኑ ነው። ሲፈተኑ ሁለተኛቸው ነው፤ የመጨረሻቸውም ነው። ዛሬ ከወደቁ ማመልከቻው ይዘጋና ሁሉ ነገር እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ጋሽ ይርዳው ድሮ ከኮምቦልቻ አሰብ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር። ኮለምበስ ከገቡ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ናቸው። እንግሊዝኛ ሲነገር ይሰማሉ፣ ራሳቸው ሊናገሩ ሲሉ ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል። ስለዚህ በዕድሜያቸው ታይቶ በአማርኛ እንዲፈተኑ ተፈቀደላቸው። ተርጓሚ ይዘው መቅረብ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ጣጣው ያለው ተርጓሚው ላይ ነው። አስናቀ ይባላል። ከአንድ የገበያ አዳራሽ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይቶ በሯ ላይ «አስናቀ ጉዳይ አስፈጻሚ» ብሎ ለጥፏል። ቅጽ ይሞላል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ደብዳቤ ይተረጉማል። የአሜሪካንን ታሪክ ከአሜሪካኖቹ የበለጠ ያውቃል። ማወቁ ባልከፋ ነበር፤ ያወቀውን ሳይናገር መቀመጥ አይችልም እንጂ።

በመጀመሪያው ፈተና ጋሽ ይርዳው «ስንት ሴናተሮች አሉ?» ተብለው «መቶ» ብለው ነበር። አስናቀ «ዘጠና ስድስት ነበሩ» ብሎ ጀመረ። አላስካና ሃዋይ መቼ እንደተቀላቀሉ፣ ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለምን ሁለት ሁለት እንደተሰጠ ሲተነትን፣ ጠያቂው ዘጠና ስድስትን ጽፎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ጋሽ ይርዳው በአንድ ነጥብ ወደቁ።

«ሌላ ሰው ልያዝ» ቢሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርፌ እምቢ አሉ። አስናቀ የክርስትና አባታቸው ልጅ ነዋ! ወይዘሮ ትርፌ ራሳቸው ባለፈው ዓመት ዜጋ ሆነዋል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ክርክር በተነሳ ቁጥር «ይህ የዜጎች ጉዳይ ነው፣ የውጭ አገር ሰው አይገባበትም» እያሉ ባላቸውን ያበሽቃሉ። በምርጫው ዕለት እሳቸው ገብተው ሲመርጡ፣ ጋሽ ይርዳው የሚስታቸውን ቦርሳ አንጠልጥለው ደጅ ቆመው ነበር።

«አስናቀ፣ ወንድሜ» አሉት ጋሽ ይርዳው መኪና ውስጥ፣ «ዛሬ እኔ የምለውን ብቻ በል።»

«ይመኑኝ ጋሼ። አንዲት ቃል አልጨምርም።»

ጠያቂዋ ወይዘሮ ካልድዌል የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያስቀመጡ ሴት ነበሩ። በቅድሚያ አስናቀን አስማሉት። የተባለውን ቃል በቃል ሊተረጉም፣ ምንም ላይጨምር፣ ምንም ላይቀንስ እጁን አንስቶ ማለ። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። ከአሥር ስድስት የመለሰ ያልፋል።

«የአገሪቱ የበላይ ሕግ ምንድን ነው?»

«ሕገ መንግሥቱ» አሉ ጋሽ ይርዳው።

አስናቀ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። ፊላዴልፊያን አነሳ፤ የዚያን በጋ ሙቀት አነሳ፤ ተሰብሳቢዎቹ ምስጢር እንዳይወጣ ብለው መስኮት ዘግተው በላብ መጠመቃቸውን አነሳ። ወይዘሮ ካልድዌል ብዕራቸውን አቆሙ።

«ይህን ሁሉ ነው በአንድ ቃል የተናገሩት?»

«አማርኛ እምቅ ቋንቋ ነው» አለ አስናቀ።

«ፌዴራል መንግሥቱ ሳይሆን ክፍለ ግዛቶች ካሏቸው ሥልጣኖች አንዱን ይንገሩኝ።»

«መንጃ ፈቃድ መስጠት» አሉ ጋሽ ይርዳው ፈጠን ብለው። «ለኔም ኦሃዮ በሦስተኛው ሙከራ ነው የሰጠኝ። ያን ሁሉ ዘመን ተሳቢ የነዳሁትን ሰውዬ፣ መኪና ማቆም አይችልም ብሎ!»

አስናቀ የመንጃ ፈቃዱን ተረጎመ፤ ትምህርት ቤትና ፖሊስንም ከራሱ ጨመረበት። የሦስተኛውን ሙከራ ነገር ግን ለታሪክ የማይመጥን ሆኖ ስላገኘው ዘለለው።

«ስንት ሴናተሮች አሉ?»

ጋሽ ይርዳው አስናቀን በጎን አዩት። «መቶ። መቶ ብቻ።»

«እስከ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ድረስ ዘጠና ስድስት...» ብሎ አስናቀ ሲጀምር፣ ጋሽ ይርዳው በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጡት። «...አሁን ግን መቶ» ብሎ ዘጋ።

ወይዘሮ ካልድዌል መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ። «ስማኝ፣ አቶ አስናቀ። ከአሁን በኋላ ከአንተ አፍ የሚወጣውን የመጀመሪያ መልስ የእሳቸው መልስ አድርጌ እጽፋለሁ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል።»

ቀጥሎ ሕገ መንግሥቱ እንዲጸድቅ የሚሟገቱትን ጽሑፎች ከጻፉት ሰዎች የአንዱን ስም ጠየቁ። ጋሽ ይርዳው ጣራውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ። «አላውቅም» አሉ።

አስናቀ ሦስት ስም ከነማዕረጉ ደረደረ።

«እሳቸው ያሉት አላውቅም ነው» አሉ ወይዘሮ ካልድዌል። «እዚህ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ከአማርኛ አንድ ቃል አውቃለሁ፣ እሱም አላውቅም ነው።» ስህተት ብለው ጻፉ።

አስናቀ ላብ ላብ አለው።

«ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?»

ጋሽ ይርዳው ይህችን አጥንተዋታል። ግን ያጠኗት በእኛ አቆጣጠር ነው። አስናቀ ቅጽ በሞላላቸው ቁጥር የልደት ቀናቸውን ሳይጠየቅ ወደ ፈረንጅ ይለውጠው ስለነበር፣ ይችንም ይለውጣታል ብለው «በሺህ ሰባት መቶ ሰማንያ» አሉ ተዝናንተው።

አስናቀም በዚያች ጥያቄ ብቻ፣ ማስጠንቀቂያው ገና ጆሮው ላይ ስለነበር፣ ቃል በቃል ተረጎመ።

«ስህተት» አሉ ወይዘሮ ካልድዌል።

ጋሽ ይርዳው እየተሳቀቁ ሄዱ። ተከታዮቹን ሁለት ሳቱ። ስምንተኛውን መለሱ። ዘጠነኛው ሲመጣ በእጃቸው ያለው አራት ብቻ ነበር።

«የመንግሥት ሦስቱ አካላት እነማን ናቸው?»

«ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ» አሉ በአንድ ትንፋሽ። አስናቀ ስለ ሦስቱም ማብራሪያ ሊጀምር አፉን ከፈተ፤ የወይዘሮ ካልድዌልን ዓይን ሲያይ ከደነው። አምስት ሆነ።

አሥረኛው መጣ። የቀረው እሱ ብቻ ነው።

«ከሦስቱ አካላት አንዱ ከመጠን በላይ ጉልበተኛ እንዳይሆን የሚያደርገው ምንድን ነው?»

ጋሽ ይርዳው ነገሩን ያውቁታል። ወይዘሮ ትርፌ ስንት ጊዜ አስጠንተዋቸው! የነገሩ ስም ግን ከአፋቸው ጠፋ። ግንባራቸውን ዳበሱ። «ኧ... ያ ነገር... ምንድን ነበር ስሙ...»

ወይዘሮ ካልድዌል ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። አስናቀ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቁነጠነጠ። መልሱ ደረቱ ውስጥ እየተንገበገበ ነው። አንድ ጊዜ ዋጠው፣ ሁለተኛም ዋጠው፤ በሦስተኛው አልቻለም። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በእንግሊዝኛ «እሳቸው ለማለት የፈለጉት...» ብሎ ጀመረ።

ጋሽ ይርዳው ያችን አልሳቷትም። አንድ ቃል ሳይናገሩ እሳቸው ለማለት የፈለጉትን ሊናገርላቸው! ከወንበራቸው ብድግ ብለው ወደ አስናቀ ዞሩ።

«ተው አስናቀ! ተው ብዬሃለሁ! ጉዳይ አስፈጻሚው አንተ ነህ፣ እሺ። ተርጓሚውም አንተ ነህ፣ ይሁን። ቃል አውጪው ግን እኔ ነኝ! አውጪውም፣ አስፈጻሚውም፣ ተርጓሚውም አንተ ብቻ ከሆንክ፣ እኔ እዚህ ለምን መጣሁ?»

ከዚያ ምን እንዳደረጉ ታወቃቸውና ቀስ ብለው ተቀመጡ። «አለቀ» አሉ በሆዳቸው።

ወይዘሮ ካልድዌል ሁለቱን በየተራ አዩአቸው። «ምን አሉ?»

«የግል ጉዳይ ነው» አለ አስናቀ።

«ምለሃል፣ አቶ አስናቀ። ቃል በቃል።»

አስናቀ ጆሮው ቀላ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመው። «ጉዳይ አስፈጻሚው አንተ ነህ» ከሚለው ጀምሮ «ለምን መጣሁ» እስከሚለው ድረስ።

ወይዘሮ ካልድዌል ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ይርዳው የሚያለቅሱ መስሏቸው ደነገጡ፤ ሴትየዋ ግን እየሳቁ ነበር።

«ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ እንዳይገባ ማከፋፈል» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መልሱ ይኸው ነው። ሰዎች ስሙን ሸምድደው ይነግሩኛል፤ ፊቴ ላይ ሠርቶ ያሳየኝ ግን እሳቸው ናቸው። ስድስት!»

ተነስተው የጋሽ ይርዳውን እጅ ጨበጡ። እንኳን ደስ ያለዎት አሉ፤ የመሐላው ቀን በደብዳቤ እንደሚነገራቸው፣ ያኔ ቤተሰብ ይዘው መምጣት እንደሚችሉ፣ ከዚያ በኋላ ለምርጫ መመዝገብን እንዳይረሱ ብዙ ብዙ ተናገሩ።

ጋሽ ይርዳው ወደ አስናቀ ዞሩ።

«አልፈዋል» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።