የጨው ነጋዴው ባሕር

አንድ ሰው ነበረ፤ ጨው ነጋዴ። ሠላሳ ዓመት ጨው ሲሸጥ ኖሮ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይኑ አይቶ አያውቅም።

ወለላ፣ ይህን ሰው የማነሳልሽ ትናንት ከእንጨት ሥራ ክፍል ስንወጣ ስለጠየቅሽኝ ነው። «መምህር፣ በሥራዬ ስኮራ ሰዎች ትዕቢተኛ ይሉኛል፤ ኩራትና ትዕቢት በምን ይለያሉ?» ብለሽኛል። እኔ እንጨት እንጂ ፍልስፍና አልተማርኩም። ስለዚህ መጀመሪያ የሰውየውን ነገር ልንገርሽ፤ የሚመስለኝን ከዚያ በኋላ እነግርሻለሁ።

ሰውየው ሀብቱ ሲደላደልለት «እንጀራዬ የወጣው ከባሕር ነው፤ ባሕርን ቤቴ አስገባዋለሁ» አለ። የሚኖረው ደጋ ከተማ ነውና ሰው የቀለደ መስሎት ሳቀ። እሱ ግን የሳሎኑን ወለል አስቆፈረ። ሃያ ሺህ ሊትር ውሃ ሃያ ቶን ይመዝናል፤ ተራ ወለል አይችለውም። እስከ ጭንጫው ድረስ ወርዶ በድንጋይና በብረት መሠረት አስጣለ። በላዩ ላይ ርዝመቱ ሰባት ሜትር፣ ከፍታው የሰው ደረት የሚደርስ የመስታወት ገንዳ አስቆመ። ከጀርባው ባለችው ክፍል ፓምፖቹን፣ ማጣሪያዎቹን፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሳውን ጄኔሬተር ደረደረ። ሚስቱ ለጠየቃት ሁሉ «ሳሎን ነበረኝ፤ አሁን ባሕር አለኝ» ትል ነበር። እያማረረች ይሁን እየኮራች ለመለየት ያስቸግራል። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

የጨዉን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ሰውየው ከራሱ መጋዘን ጨው በኩንታል አስወጥቶ ገንዳው ውስጥ ሊገለብጥ ሲል፣ ዕቃውን ያመጣለት የዓሣ ባለሙያ እጁን ያዘው። «ጋሼ፣ ይሄ ለወጥ ነው። ባሕር ውስጥ ያለው ጨው ብቻ አይደለም፤ ሌላም ብዙ ነገር አለበት። በዚህኛው ዓሣዎቹ አይኖሩም» አለው። ስለዚህ ጨው ነጋዴው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ጨው ከሌላ ነጋዴ ገዛ። ከተማው ለአንድ ወር መሳቂያ አገኘ። ጎረቤቱ ጨርቅ ነጋዴ በበሩ ባለፈ ቁጥር «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» እያለ ይተርበው ነበር።

ውሃው ከተሞላ በኋላ ደግሞ ድንጋይና አሸዋ ብቻ አድርጎበት አራት ወር ጠበቀ። ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረቶች ድንጋዩ ላይ ተራብተው ውሃውን እስኪያጠሩት ድረስ ዓሣ አይገባም። ጨርቅ ነጋዴው መጥቶ አየና «ይህን ሁሉ የደከምከው ድንጋይ ለማየት ነው እንዴ? ድንጋይ እኮ ደጅም ሞልቷል። ለማንኛውም አንድ ቀን ይፈስሳል፤ ያኔ ሰፈሩ በጀልባ ይሄዳል» አለው። ጨው ነጋዴው ግን በየጠዋቱ ውሃውን መለካቱን ቀጠለ።

ከዚያ ኮራሎቹ መጡ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ የሚያድገውም በጣም በዝግታ ነው። በአውሮፕላን፣ ውሃ በተሞላ ፌስታል ሲደርሱ እያንዳንዳቸው ከጣት አይበልጡም ነበር። ሁለት ዓመት አሳደጋቸው። ከሁሉ የሚወዳትን፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያላትን፣ የትሪ ስፋት አደረሳት። ቢጫና ሰማያዊ ዓሣዎች በመካከላቸው ሲርመሰመሱ ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀር ነበር። ሰውየው ኮራ። አንገቱ ረዘመ፣ አረማመዱ ሳይቀር ተለወጠ። የሚያኮራ ነገር ሠርቶ ነበርና አልፈርድበትም።

ቤቱን ለማስመረቅ አንድ እሑድ ሽማግሌዎችንና ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። እንግዶች ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ ሳለ፣ ከታች በግራ ጥግ፣ መስታወት ከመስታወት በተጣበቀበት ላይ፣ ቀጭን ነጭ መስመር አየ። የዱቄት ብናኝ ትመስላለች። በጣቱ ነካና ምላሱ ላይ አደረጋት። ጨው ናት። ሌላ ሰው ቢሆን አቧራ ነው ብሎ ይጠርጋት ነበር። እሱ ግን ጨው በራሱ እግር ከመስታወት እንደማይወጣ ያውቃል። ውሃው ጠብ ሳይል፣ እዚያው እየደረቀ፣ ጨዉን እየተወ ይወጣ ነበር።

መስታወቱን የገጠመውን፣ ለግብዣው ቀድሞ የደረሰውን ሰው አስጠራ። ያም ተንበርክኮ ጥጉን በጥንቃቄ መረመረው።

«ማጣበቂያው ሲሊኮን ትንሽ ለቋል» አለ።

«ይይዛል?»

«ዓመት ሊይዝ ይችላል። አሥር ዓመትም ሊይዝ ይችላል።»

«ሳምንትስ?»

«እሱንም አላውቅም፣ ጋሼ። ግን እንግዳ በር ላይ ነው። ያንን የመስኮት መጋረጃ ትንሽ ወደዚህ ሳብ ቢያደርጉት ማንም አያየውም።»

ጨው ነጋዴው መጋረጃውን ሳበው። አዎ፣ ሳበው። ይህን ዘልዬ ባልፍ ታሪኩ ያምር ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል። ለመጠገን ገንዳው ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ሁለት ዓመት ያሳደጋቸው ኮራሎች ከቦታቸው ሲነሡ ሊሞቱ ይችላሉ። ጨርቅ ነጋዴውም «ብዬ ነበር» ሊል ነው። በሌላ በኩል ገንዳው ቢፈነዳ፣ ያ ሁሉ ውሃ የሚወርደው መስታወቱን ተደግፈው ዓሣ በሚያዩ የሰፈር ልጆች ላይ ነው። ይህንንም ያውቅ ነበር፤ እያወቀ ነው የሳበው።

እንግዶቹ ገቡ፣ አዩ፣ ተደነቁ። ጨርቅ ነጋዴው እንኳ «እጅህ ይባረክ» አለ። ተበላ፣ ተጠጣ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ለምርቃት ተነሡ፤ ሰዉም ሁሉ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ።

«ቤትህን የአብርሃም ቤት ያድርግልህ።»

«አሜን» አለ ሰዉ፤ ጨው ነጋዴውም አለ።

«ክፉ አይግባበት።»

«አሜን።»

«የሠራኸው ይጽና፤ እንከን አይገኝበት።»

«አሜን» አለ ሰዉ። ጨው ነጋዴው ግን አፉን ከፍቶ ዝም አለ። ምላሱ እምቢ አለው።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ አዩት። «ልጄ፣ አሜን አላልክም» አሉ።

ምርቃትን መሀል ላይ ማቋረጥ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጨው ነጋዴው ግን «አባቴ፣ ይህን ምርቃት ያቆዩልኝ» አለ። ወደ ጥጉ ሄዶ መጋረጃውን ገለጠው። «እንከን አለበት። ዛሬ እናንተ ልትገቡ ስትሉ አየሁት፤ አይቼም ደበቅሁ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ጉድለቱን ሸፍኜ ብመረቅበት የእኔ ሥራ አይደለም» አለ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ የማፍሰሻውን ቧንቧ ከፈተ። ውሃው በጎማ ጓሮ ወዳሉት የውሃ ሮቶዎች መውረድ ጀመረ።

«አላልኩህም?» አለ ጨርቅ ነጋዴው።

«ብለኸኛል» አለው። «አንተ ይፈስሳል አልክ፤ እኔ አፈሰስኩት።» ይህን ሲል አንገቱን አልደፋም።

ሚስቱ ከጓዳ ሳፋዎቹን ይዛ መጣች። ያን ቀን የክት የለበሱ እንግዶች እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ዓሣውንና ኮራሉን ወደ ሮቶዎቹ ሲያመላልሱ ዋሉ። ጨርቅ ነጋዴውም አንድ ሳፋ ይዞ ነበር፤ አዲስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ራሰ። ፓምፖቹም ተነቅለው ሮቶዎቹ ላይ ተገጠሙ።

ጥገናው አምስት ሳምንት ፈጀ። ሲሊኮኑ ከላይ እስከ ታች ተፍቆ ወጣ፤ መስታወቱ እንደገና ተጣበቀ፤ በተራ ውሃ ተሞልቶ ተፈተነ። በፈተናው ጊዜ ጨው ነጋዴው ወንበሩን ጥጉ ጋ አስጠግቶ፣ ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ ምሳውን ይበላ ነበር። አብዛኛው ፍጥረት ተረፈ። ወይን ጠጇ ኮራል ግን ሮቶው ውስጥ ነጣችና ሞተች። ሰውየው አለቀሰላት። አልቅሶ ሲያበቃም «ምነው ባላፈሰስኩት» አላለም።

ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ምርቃቱን እንደ አዲስ አልጀመሩም፤ ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። «የሠራኸው ይጽና» አሉ። ያን ጊዜ ጨው ነጋዴው ያለው አሜን ከመንገድ ማዶ ተሰማ ይባላል።

እንግዲህ ወለላ፣ መጋረጃውን የሳበው ትዕቢት ነው። የገለጠው ግን ትሕትና አይምሰልሽ፤ የገለጠው ኩራት ነው። ትዕቢት የሚኖረው በሰው ዓይን ነው፤ ሰው ካላየው እንከን የለም ይላል። ኩራት ያለው ሰው አስቀድሞ የሚያፍረው በሥራው ፊት ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው ይሄዳሉና ሰው ቢሳሳትብሽ አትዘኝ። ማንም ያላየውን ጉድለት ብቻሽን ባገኘሽ ቀን የትኛው እንዳለሽ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ዛሬ ጠዋት የተማሪዎች ሥራ የሚዳኝበትን የኤግዚቢሽን አዳራሽ ስዞር የሠራሽውን ቁም ሣጥን አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ከተማሪ እጅ እንዲህ ያለ የዋንዛ ሥራ ሲወጣ አላየሁም። ኮርቼብሻለሁ፤ ይህንን ማንም እንዳያስተባብልሽ። ነገር ግን ግራ ጎኑን ለምን ግድግዳ እንዳስጠጋሽው ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። እዚያ ያለውን ስንጥቅ በስቱኮ ደፍነሽዋል፤ ያውም በደንብ ነው የደፈንሽው፤ ዳኞቹ አያገኙትም።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። ጎኑን ለመፍታት ከቆረጥሽ አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልሻለሁ። ባይደርስልን ደግሞ ቅዳሜ በባዶው ቦታ ላይ እኔ እቆማለሁ፤ ቁም ሣጥኑ የታለ ለሚለኝ ሁሉ፣ የሠራችው ልጅ እንከን አግኝታበት በገዛ እጇ ፈትታዋለች ብዬ በኩራት እነግረዋለሁ።