አያ ፈንቴ እጃቸውን የሰበሰቡበት ቀን

ሙያ የሚያስተምር ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ሥራውን ከተማሪው እጅ ሲቀማ ያየ ሽማግሌ አንዲት ነገር ጣል ያደርግበታል። ነገሯ የተወለደችው ከትምህርት ቤት እንዳይመስላችሁ፤ ጣና ላይ፣ ማዕበል መሐል ነው።

አያ ፈንቴ የታወቁ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። መጀመሪያ ያስተማሩት የእህታቸውን ልጅ ነው። ውሃው በተቆጣ ቁጥር መቅዘፊያውን ነጥቀው እሳቸው ያሻግሩት ነበር። ብቻውን መውጣት በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማዕበል ያዘው። ታንኳዋ ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም። «ውሃ አይደለም የገደለው፤ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተማሪ የያዘውን መቅዘፊያ ላይነኩ ማሉ።

ዓመታት አለፉና አዝመራው የሚባል ጎልማሳ ሊማር መጣ። አንድ ቀን እማሆይ ወርቅያንሱ የሚባሉ መነኩሲትና ሞላልኝ የሚባል ነጋዴ ከደሴት ወደ ገበያ ሲሻገሩ መቅዘፊያው በአዝመራው እጅ ነበር፤ አያ ፈንቴ ከኋላው ተቀምጠዋል። እኩሌታው ላይ እንደደረሱ ነፋስ ተነሣ፤ ውሃው ጠቆረ። አዝመራው ደንግጦ ሲያዞር ታንኳዋ ጎኗን ለሞገዱ ሰጠች።

«አያ ፈንቴ፣ ይቀበሉት እንጂ! ሊያስፈጀን እኮ ነው!» ብሎ ሞላልኝ ጮኸ።

የአያ ፈንቴ እጆች ሳያዟቸው ተዘረጉ። በዚያው ቅጽበት የእህታቸው ልጅ ፊት ድቅን አለባቸው። እጃቸውን መልሰው ብብታቸው ውስጥ ወሸቁና «አዝመራው፣ ሞገዱ ከየት ነው የሚመጣብህ?» አሉ።

«ከቀኝ! ከቀኝ ነው!»

«የታንኳህ ራስስ ወዴት ያያል?»

አዝመራው አንገቱን አዙሮ የታንኳዋን ራስ አየ። ሌላ ሞገድ መጥቶ እማሆይን እስከ ደረታቸው አራሳቸው። «አንድ ብቻ» አሉ አያ ፈንቴ በልባቸው፤ «አንድ ከጨመረ መሐላዬም ይፍረስ፣ እቀማዋለሁ።» ከሩቅ ትልቁ ሞገድ ጀርባውን አሳብጦ ሲመጣ ታያቸው። ክርናቸው ከጎናቸው ሊላቀቅ ምንም አልቀረው።

ያኔ አዝመራው ተንበረከከ። መቅዘፊያውን በጥልቅ ሰክቶ፣ በትከሻው ሁሉ ስቦ፣ የታንኳዋን ራስ ፊት ለፊት ለሞገዱ ሰጠው። ታንኳዋ ወደ ላይ ወጣች፤ ከዚያም ቀስ ብላ ወረደች። ቀጣዩን ማንም ሳይነግረው አለፈው።

ከዳር ሲደርሱ ሞላልኝ ገና እግሩ መሬት ሳይረግጥ ቁጣውን አፈሰሰው። «ምን ያለ ጨካኝ ሰው ነዎት! እርስዎ ቢይዙት ኖሮ ይህ ሁሉ ፍዳ መች ያገኘን ነበር?»

«ዛሬስ እውነትህን ነው» አሉ አያ ፈንቴ። «ነገ እኔ በሌለሁበት ማን ይይዝለታል?» እጃቸው አሁንም ከብብታቸው አልወጣም ነበር።

እማሆይ የረጠበ ነጠላቸውን እየጨመቁ ያንን እጅ አዩና ወደ ነጋዴው ዞረው እንዲህ አሉት፦ «ተው ልጄ፣ እጁን የማይሰበስብ መምህር ባለ እጅ አያወጣም።»