የፊታውራሪው በርኖስና የባላገሩ ገሳ

ክረምት ሲገባ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ጨዋታ ሳያወራ አያልፍም ነበር። አሁን የሚያወራልኝ ስለሌለ እንዳይጠፋብኝ ጻፍሁት።

ፊታውራሪ ጓንጉል በሐምሌ ጎሽ አደን ሊወጡ ተነሡ። መንገድ መሪው ባላገር ከሣር የተጎነጎነ ገሳውን ደርቦ መጣና፣ «ጌታዬ፣ የሱፍ በርኖስ ውሃ ይጠጣል። ገሳ ይልበሱ፤ ቀላል ነው፣ ዝናብም አያስገባም» አላቸው።

«ሣርማ የበሬዬ ቀለብ ነው!» ብለው አሽከሮቻቸውን አሳቁበት።

ጫካው መሐል ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። በርኖሱ ውሃ ጠግቦ ትከሻቸውን ተጫነው፤ ጠመንጃቸውን ማንሳት እንኳ አቃታቸው። ገሳውን አምጣ ማለት ደግሞ አሳፈራቸው። ስለዚህ አሽከሮቻቸውን ሰበሰቡና በጌታ ወግ በርኖሱን ባላገሩ ላይ ደርበው፣ «ስለ ትጋትህ ሸልሜሃለሁ!» አሉ። ገሳውንም ቀስ ብለው ራሳቸው ለበሱት።

ዝናቡ ሲያባራ ግን በርኖሱ አሳሳቸው። «አውልቅ! ያዋስሁህን ልትሰርቀኝ ነው? እምቢ ካልህ ትገረፋለህ!»

«ኧረ አወልቃለሁ፣ ጌታዬ» አለ ባላገሩ። «ብቻ መንደር ስንገባ ለሰው ምን እንደምል ይንገሩኝ። በርኖሱን ለብሼ ከገባሁ ‹ፊታውራሪ ሸለሙኝ› እላለሁ። አውልቄ ከገባሁ ግን ‹ፊታውራሪ ዝናብ ቢያይልባቸው የኔን ሣር ተዋሱ› ማለቴ ነው።»

አሽከሮቹ ሳቃቸውን በኩታቸው አፈኑ። ፊታውራሪ ቀና ብለው ሲያዩ ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል።

«በርኖሱን ውሰደው» አሉ። «ገሳውን ግን መንደር እስክንቃረብ እንዳትጠይቀኝ።»